የደጋው ጓሮ በውርጭ ወራት ለምን ባዶ ይሆናል?

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ማለት የቆየ የአገራችን ልማድ ነው። ክረምቱን በጎመን የገፋ ቤተሰብ እሸት ሲደርስለት የሚያሰማው የእፎይታ ቃል መሆኑም ይታወቃል። በደጋው ክፍል ግን አባባሉ ከእፎይታ አልፎ የእርሻ ደንብ ወደ መሆን የተቃረበ ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ለምልሞ የከረመው ጓሮ ከጥቅምት ጀምሮ ይተዋል። አጥሩ ለማገዶ ይነቀላል። ኅዳር ሲገባ በመደቡ ላይ የሚታየው የደረቀ የጎመን አገዳና አፈር የሚጭር ዶሮ ብቻ ይሆናል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በየመንደሩ አንድ ነው፤ «ውርጭ አለ» ይባላል።

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ውርጭ ቲማቲምንና ቃሪያን በአንዲት ሌሊት ያጠቁራቸዋል፤ የድንችን ቅጠል ይለበልባል፤ አበባ ላይ ያለ ባቄላንም ፍሬ አልባ ያደርጋል። ይህን ለደጋ ገበሬ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ይሁንና ቅጠላ ቅጠል ሁሉ እንደ ቲማቲም አይደለም። ቅዝቃዜን የሚችሉ፣ እንዲያውም ብርድ ሲነካቸው ጣዕማቸው የሚሻሻል አትክልቶች አሉ። እነዚህ በጓሮው ውስጥ ያልተገኙት ውርጭ ስለገደላቸው ሳይሆን በጊዜያቸው ስላልተዘሩ፣ ውሃ ስላልተመደበላቸውና ከብት ስለሚበላቸው ነው። ሦስቱም ጉዳዮች አንድ ቤተሰብ ለብቻው ከሚወጣቸው ይልቅ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ መፍትሔ ሊያገኙ የሚችሉ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የተመሠረተው ገበሬ ማኅበር ዛሬ በመንግሥት መዋቅር ቀበሌ ይባል እንጂ በብዙው ገጠር አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራል። በስብሰባው አጀንዳ ላይ ማዳበሪያ፣ ግብርና የመሬት ክርክር ሲነሳ ዓመቱ ያልቃል፤ የጓሮ መደብ ግን «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አስተያየት መለወጥ ይኖርበታል።

ውርጩ የሚጥልበት ጊዜ ራሱ ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በመንዝ፣ በጉና አካባቢ፣ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልነፈሰበት ሌሊት የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ነው። ስለዚህ ጿሚው ቤተሰብ ወተትም ሥጋም እንቁላልም ከማዕዱ ባነሳበት ጊዜ ጓሮውም አብሮ ባዶ ይሆንበታል ማለት ነው። እርግጥ በዚህ ወቅት አውድማው ሙሉ ነው፤ ሆድ አይራብም። ይሁን እንጂ እህል ሆድ ይሞላል እንጂ ቅጠል የሚሰጠውን አይሰጥም። ቤተሰቡ እስከ ዐቢይ ጾም ማለቂያ ድረስ በሽሮና በክክ ብቻ ይገፋል፤ አለዚያም ክረምት በነፃ ይበላው የነበረውን ጎመን ገብስ ሸጦ ከገበያ ይገዛል። በእጅ ያለ መሬት ጾሙን እያደረ ቅጠል በብር መግዛት ምን ዓይነት ስሌት እንደሆነ ለማኅበር መሪዎች መግለጽ አስፈላጊ አይሆንም።

ለዚህ ወቅት ከሚስማሙት አትክልቶች ዋናው ስፒናች ነው። እዚህ ላይ አንድ የስም ግርታ ማጥራት ይገባል። በከተማ ገበያ ብዙ ሰው ስፒናች የሚለው ቆስጣን ነው። ቆስጣ ሰፊ ቅጠልና ወፍራም ነጭ አገዳ ያለው የቀይ ሥር የቅርብ ዘመድ ነው። እውነተኛው ስፒናች ግን አጭር ነው፤ ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ አበባ ዙሪያውን ተዘርግተው ከመሬት ጋር ይተኛሉ፤ አገዳው ቀጭን፣ ቅጠሉም ለስላሳ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ውርጭን በመቋቋም ግን ስፒናች ይበልጣል። ቆስጣ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ ሲበረታበት የውጭ ቅጠሎቹ ይጎዳሉ፣ ከመሐል ግን እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥር የያዘና ብርዱን ቀስ በቀስ የለመደ ስፒናች ግን ከዜሮ በታች እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ቅዝቃዜን ችሎ ያድራል።

ይህን የሚያደርገው በተአምር አይደለም። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተክሉ በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፤ ስኳር የተቀላቀለበት ውሃ ደግሞ እንደ ንጹሕ ውሃ ፈጥኖ በረዶ አይሆንም። በውርጭ ወቅት የተቆረጠ ስፒናች የሚጣፍጠውም ስለዚሁ ነው። ከመሬት ጋር መተኛቱም ቀን አፈሩ የያዘውን ሙቀት ሌሊት እንዲጋራ ይረዳዋል። ነገር ግን «ብርዱን የለመደ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ በአንድ ጊዜ ኃይለኛ ውርጭ ቢያርፍበት አይተርፍም። ስለሆነም ውርጩ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ማደግ ይኖርበታል። ዘሩ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ መሬት መግባት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ቦታ የአትክልት ዘር ለገበሬው ሲታደል የሚታየው ግን ኅዳር ውስጥ፣ ዝናቡ ከቆመና ውርጩ ከገባ በኋላ ነው። ያ ዘር አለመብቀሉ ወይም በቅሎ መሞቱ «ደጋ ለአትክልት አይሆንም» ለሚለው ወሬ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ጥፋቱ ግን የደጋው ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው።

አገራችን ለስፒናች ያላት ሌላ ምቹ ሁኔታ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም ስፒናች ቅጠል መስጠቱን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል፤ የዚያ አገር ገበሬ ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው። በእኛ አገር ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት ገደማ አያልፍም፤ በውርጩ ወራት ደግሞ ከ12 ሰዓት ያነሰ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው ደጋ ተክሉ ሳያብብ ለረጅም ጊዜ ቅጠል ይሰጣል። ዳሩ ግን ይኸው ጥቅም ጣጣም አለው። ካላበበ ዘር አይሰጥም። ቢያብብም ወንዱና ሴቱ በተለያየ ተክል ላይ ስለሚገኙ ጥቂት ተክል ለዘር ትቶ መልካም ምርት ማግኘት ያስቸግራል። የስፒናች ዘር በየጊዜው መገዛት አለበት ማለት ነው። በዚህ ረገድ የአበሻ ጎመን ወደር የለውም። ዘሩ በእናቶች እጅ ነው፤ ከቅጠሉ አልፎ ፍሬው ምጣድ ያሰሳል፤ መሬትም አይመርጥም። ስለሆነም ስፒናች ጎመንን አስወጥቶ ቦታውን ይውሰድ የሚል ባለሙያ ካለ ሊሰማ አይገባም። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ከተቻለም ቆስጣ ታክሎባቸው፣ በአንድ ጓሮ ቢገኙ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይተካል።

አዘራሩ ከባድ አይደለም። መደቡ ከክረምቱ ውሃ እንዲተርፍ፣ በተለይ በጥቁር መሬት ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ጥሬ ፍግ አይጨመርም። ማዳበሪያ አብዝቶ ዩሪያ መበተንም ቅጠሉን ያለ ልክ ስለሚያለሰልሰው ለውርጭ ያጋልጠዋል። ዘሩ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢያድር ይበጃል። በመስመሮች መካከል አንድ ስንዝር ተትቶ ዘሩ አንድ የጣት አንጓ እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ይዘራል፤ ሲበቅልም በተክሎቹ መካከል ግማሽ ስንዝር ያህል እንዲቀር ይሳሳል። የተነቀለው ቡቃያ አይጣልም፤ ይበላል። የቆስጣ ዘር የሚመስለው ፍሬ በውስጡ ብዙ ዘር የያዘ በመሆኑ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ ሊያስደንቅ አይገባም፤ እርሱም ይሳሳል፣ በሁለቱ መካከልም ከአንድ ስንዝር በላይ ይተዋል።

አፈሩን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ስፒናች ኮምጣጣ መሬት አይወድም። በዝናባማው ደጋ ቀይ አፈሩ ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው፤ እንዲህ ባለ መሬት የተዘራ ስፒናች ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ግን ከቤት አይርቅም። ከምድጃ የሚወጣ አመድ ኮምጣጣነትን ይቀንሳል። ከምድጃው ቅርብ የሆነው የጓሮ አፈር ከእርሻው ይልቅ ለአትክልት የሚስማማበት አንዱ ምክንያትም ለዓመታት የተደፋበት አመድ ነው። አመዱ ከመዝራት ሳምንታት አስቀድሞ በስሱ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል እንጂ በቡቃያ ላይ አይከመርም።

ቦታ መምረጥ ደግሞ ከዘር መምረጥ ያላነሰ ዋጋ አለው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል። ስለዚህ ለውሃ ይቀርባል ተብሎ በሸለቆው ግርጌ የተሠራ መደብ ውርጩን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ የተሠራው ግን ይተርፋል። የድንጋይ ካብ ወይም የቤት ግድግዳ ቀን የሞቀውን ሌሊት ስለሚያወጣ መደቡን ያሞቃል። ከግድግዳው በስተ ምዕራብ ያለው ጎን ይመረጣል፤ ውርጭ ያደረበት ቅጠል ፀሐይ በድንገት ሲያርፍበት ነውና ክፉኛ የሚጎዳው። አመዳይ የጣለበት ማለዳ ቅጠሉን መንካትም መቁረጥም አያስፈልግም፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሲቀልጥ ራሱን ያቀናል።

ውሃ ማጠጣት በእኩለ ቀን ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል፤ ደረቅ አፈር ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለቡቃያውና ለቆስጣው ማታ ማታ በአጫጭር እንጨት ላይ ጆንያ መወጠር ወይም ጭድ በስሱ መበተን ይረዳል፤ ጠዋት ግን መነሳት አለበት። በአንጻሩ በውርጭ ወራት አፈሩን በወፍራም ጭድ መጎዝጎዝ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይጠቅምም፤ እርጥበት ቢይዝም የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ይከላከላል።

ምግብነቱን በተመለከተ ብዙ ተብሏል፤ አንዳንዱም ተጋንኗል። ስፒናች ብረት አለው ቢባልም በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱ በሰውነት በቀላሉ እንዳይወሰድ ያደርጋል፤ በዚህ ጎመን ይሻላል። ነገር ግን ዳፍንትን በሚከላከለው ቫይታሚን ኤ በኩል ሁሉም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች የታወቁ ናቸው። ጥቂት ዘይት ካልተጨመረበት ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። ከምግቡ በላይ ወዲያው የሚጠጣው ቡና ቢዘገይም ብረቱ ይተርፋል፤ ይህን ግን የደጋ እናት ትቀበለዋለች ብሎ መወራረድ ያስቸግራል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ቅጠሉ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በገንፎው ውስጥ ቢገባ የጎመኑና የገንፎው ምንቸት የሚጣሉበት ምክንያት አይኖርም። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ግብ ማስቀመጡ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ግብ የሚለካው በሕፃኑ ሳህን ነው፤ የሕፃኑ ሳህን ደግሞ ከጓሮው አይርቅም።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃው እንመለስ። የጓሮ አትክልት ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ እንዲያምር ሲባል እያንዳንዱ ቤተሰብ ሰፊ መደብ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። ውሃውን ማን ይሸከመዋል የሚል ጥያቄ ግን አይነሳም። በደጋው የበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። መደቡ 20 ካሬ ሜትር ከሆነ በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከሦስት እስከ አምስት ጄሪካን ይሆናል። ይህን በጀርባዋ የምታመላልሰው እናት ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ናት። እንዲህ ያለው ጓሮ በታኅሣሥ ቢደርቅ ስንፍና አይባልም፤ ጤነኛ ውሳኔ ነው። በአንጻሩ አንድ ሜትር በሦስት ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች፣ አንዱ ለጎመን ሌላው ለስፒናች፣ በቀን ከ18 እስከ 30 ሊትር ይበቃቸዋል። የእህል ማጠቢያ፣ የእጅ መታጠቢያና የዕቃ ማለቅለቂያ ውሃ ሳሙና ሳይበዛበት ተጠራቅሞ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ቢፈስ ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ይሸፍናል። እርግጥ ሁለት መደብ ለሳምንቱ ሙሉ ወጥ አይሆንም። ነገር ግን እስከ ጥር የሚዘልቅ ትንሽ መደብ በኅዳር ከሚደርቅ ሰፊ መደብ ይበልጣል።

ምንጭ ወይም ቦይ ባለበት ቀበሌ ደግሞ የውሃ ተራ ሲወጣ ቅድሚያ የሚያገኘው የሽንኩርቱና የድንቹ ማሳ ነው፤ የጓሮ መደብ በተራው ዝርዝር ውስጥ ስሙም አይጠራ። የማኅበሩ አመራር በሳምንት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ያለውን ተራ ለጓሮዎች ቢመድብ ማሳዎቹ የሚጎዱት እጅግ በጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልቅ ግጦሽ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል ሲነሳ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል። ያን ጊዜ በአካባቢው ያለ አረንጓዴ ነገር የጓሮ መደብ ብቻ ስለሆነ ላም ከአንድ ኮረብታ ማዶ ታሸተዋለች። አንዲት እናት ሁለት ወር ውሃ የተሸከመችለትን መደብ የጎረቤት ወይፈን በአንድ ጠዋት ቢያጸዳው በሚቀጥለው ዓመት አትዘራም፤ ዘር ቢሰጣትም በትህትና ተቀብላ ትተወዋለች። በየቀበሌው የውስጠ ደንብ ከብት የሚለቀቅበት ቀን ሲወሰን በቤቶች ዙሪያ ያለው ጓሮ የተከለለ መሆኑ፣ ለጠፋው ካሳ የሚከፈል መሆኑና ካሳውን የሚገምቱት ሽማግሌዎች ማንነት አብሮ መጻፍ አለበት። ደንቡ ከሥራ አስፈጻሚ አባላት በሬዎች ካልጀመረ ግን ማንም አያከብረውም፤ ይህን ገበሬው በሚገባ ያውቃል። ዶሮን በተመለከተ ደንብ አያዋጣም። ለእርሷ በጉልበት ከፍታ የተጠላለፈ የእሾህ አጥር ይበጃታል። በእርግጥም የደጋው ጓሮ የመጀመሪያ ጠላት ውርጭ ሳይሆን ዶሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ጓሮውን የሚሠሩት ሴቶች አለመገኘታቸው ሌላው እንከን ነው። ቢገኙም ከበር አጠገብ ተቀምጠው ይሰማሉ። ዘር መቼ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ጥግ ውርጭ እንደሚበዛበት፣ የማን ከብት እንደሚያስቸግር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የጓሮ ጉዳይ በአጀንዳ በተያዘበት ቀን መድረኩን ለእነርሱ መስጠት ለእነርሱ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነውና።

የዘሩ ግዥ ከሐምሌ በፊት ቢታሰብበት ለመስከረም ይደርሳል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማዳበሪያ ሲያመጣ ጥቂት ኪሎ የስፒናችና የቆስጣ ዘር አብሮ ቢያመጣ ለአንድ ቀበሌ ይበቃል፤ ለአንድ መደብ የሚያስፈልገው ከእፍኝ ያነሰ ነው። ዘሩ ሲመጣ ግን ሳይፈተሽ አይከፋፈልም። የስፒናች ዘር ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ ሲቀመጥ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል፤ በፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይኖራል። የልማት ሠራተኛው ከመጣው ዘር 20 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልልና ጨርቁን ሳያደርቅ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ያኑረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ከበቀሉ ዘሩ ይከፋፈል። ከ10 በታች ከሆኑ ግን ጆንያው ሳይፈታ፣ ደረሰኙም ሳይጠፋ ለሻጩ ይመለስ።